ጎንበስ የማይለው እንግዳ

የአክስቴ የዩዶን እንግዳ ማረፊያ በር እንደ ዶሮ ቤት በር ዝቅ ያለ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ እየገባሁ ስላደግኩ ግንባሬ ደህና ነው። ፈረንጆቹ ግን ሻንጣቸውን ጀርባቸው ላይ ቆልለው፣ ከአንዱ የተራራ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞሩ ከርመው እኛ ጋ ይደርሱና፣ ጓ! እኔ ምድጃው ጋ ተቀምጬ ይቺን ነው የምጠብቀው። ሲኒማ የለንም፣ በር አለን።

ባለፈው መኸር ዮአቭ የሚባል ቀውላላ ልጅ መጥቶ ግንባሩ ተተረተረ። ጓደኛው ሚካል ደሙን እየጠረገች፣ «ይሄ በር ሰው ይገድላል» አለች።

አክስቴ የቅቤ ሻይ እየቀዳች፣ «ለሰው አልተሠራም በላት» አለችኝ። «ሞቶ ለተነሳ ነው። ሞቶ የተነሳ ወገቡ አይታጠፍም፣ ጎንበስ ብሎ አይገባም።»

ሚካል «ምን አለች?» አለችኝ።

«የሌባ መከላከያ ነው» አልኳት። እንግዳ ማባረር የለብኝማ።

አክስቴ እንግዲህ እንዲህ ናት። በረዶውን አቋርጠው ከቲቤት ሲሸሹ ባሏ ኜንዳክ ሸክሙን ይዞ ወደኋላ ቀረ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳው አልተገኘም። እሷም «ሬሳ ሳይታይ ማን ሞተ ይለዋል?» ብላ የሙታን ጸሎት አላስነበበችለትም። እስካሁን ባለትዳር ሴት የምትታጠቀውን ባለመስመር ሽርጥ እንደታጠቀች ናት። ሽማግሌዎቹ «ለሟች መሞቱ ካልተነገረው አያውቅም፣ ሲንከራተት ይኖራል» ሲሏት ሻይ ትቀዳላቸዋለች።

በማግስቱ አክስቴ ለጸሎት ታችኛው ገዳም ስትወርድ በሩ ላይ ዘመትኩበት። ጉበኑን አውርጄ ላዩ ያለውን ድንጋይ ነቀልኩና በሩን እስከ ጣራው ከፍ አደረግኩት። አሮጌውን ጉበን ግድግዳው ስር አጋደምኩት። ስትመጣ ትሳደባለች፣ እንግዳ ሲበዛ ትመርቀኛለች ብዬ።

ከሰዓት ዮአቭንና ሚካልን ይዤ ላይኛው መንደር ደርሰን ስንመለስ ጉም ወረደብን። ዘወር ስል ከዮአቭ ኋላ ሌላ ሰው ይመጣል። ብርድ ልብስ ተከናንቧል፣ ከስሩ ትልቅ ሸክም አለ። መንገድ ላይ የሚቀላቀል ፈረንጅ መቼ ጠፍቶ?

«ፍጠን እንጂ ወንድሜ፣ ጀንበሯ አንተን አትጠብቅም» አልኩት። አልመለሰልኝም። የእግሩ ኮቴም አይሰማም፤ ጉሙ ነው አልኩ።

ቤት ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከፍ ያደረግኩት ራሴ፣ የረሳሁት ራሴ። ሚካልም ጎንበስ አለች። ዮአቭማ ፕላስተሩን ይዞ በጉልበቱ ሊድህ ምንም አልቀረው። «በሩ'ኮ አድጓል፣ እናንተ ጉዶች» ብዬ ስስቅ፣ የመጨረሻው ሰው ገባ።

ቀጥ ብሎ። አንገቱን እንኳ ሰበር ሳያደርግ።

ጥግ ሄዶ ቆመ። «ተቀመጥ» አልኩት፣ አልተቀመጠም። ትከሻው ላይ በረዶ አለ፤ እኛ በመጣንበት መንገድ በረዶ አልጣለም። ሸክሙ ጀርባ ላይ የሚታዘል የእንጨት መሸከሚያ ነው፣ በተራራ በሬ በያክ ጸጉር ገመድ የታሰረ። እንዲህ ዓይነት ሻንጣ የሚሸከም ፈረንጅ አይቼ አላውቅም። ሻይ ቀዳሁለት። የኛ ሲጨስ፣ የሱ ሳይጨስ ቅቤው ከላይ ረጋ።

ሚካል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «ካንተ ጋር ነው?»

«ከናንተ ጋር መስሎኝ።»

ሦስታችንም ወደ ምድጃው ተጠጋን።

አክስቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እጇን ጉበኑ ወደነበረበት ሰደደች፣ አየር ዳሰሰች።

«ሳምፌል፣ ጉበኑ የት አለ?»

«ለእንግዶቹ ብዬ ነው፣ አክስቴ...»

ጥጉን አየች። መቁጠሪያዋ ከእጇ ወደቀ።

«ጉም በወረደ ቁጥር እዚህ በር ላይ ይቆማል» አለች ቀስ ብላ። «ጎንበስ ማለት ያቅተውና ይመለሳል። እሱን ፈርቼ በሩን ያሳጠርኩ መስሎሃል? ራሴን ነው የፈራሁት። ከገባ አብሬው እንደምሄድ አውቃለሁ።»

ሰውዬው እጁን ዘረጋላት። እሷ አንድ እርምጃ ወደሱ ሄደች። ክንዷን ያዝኩ።

«ጉበኑን ልመልሰው?»

ያኔ እንደነቃ ሰው አየችኝ። «እሱ ውስጥ ሆኖ? አንተ ደነዝ፣ ከናንተ ጋር ልትቆልፈው ነው? እኔ አስወጣዋለሁ። ደፉን እንደተሻገርን መልሰው። ስመለስ ጎንበስ ካላልኩ እኔ አይደለሁም፣ እንዳትነኩኝ።»

እጁን ያዘች። እሷ በለመደችው ጎንበስ ብላ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ወጡ።

እኔና ዮአቭ ጉበኑን አነሳን፣ ሚካል ላዩ ላይ ድንጋይ ደረደረች። ከጉሙ ውስጥ የአክስቴ ድምፅ ይሰማል።

«ኜንዳክ፣ ሞተሃል'ኮ። በረዶው ላይ ነው የሞትከው። የነገረህ የለም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ስጠብቅህ የኖርኩ መስሎኝ አስሬህ ኖርኩ። ሸክሙን አውርደውና ሂድ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማን።

ብዙ ቆይቶ እግር መጣ። ዝቅ ባለው በር የሚታየን ጫማዋና ባለመስመሩ ሽርጥ ብቻ ነው። ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ግቢ፣ አክስቴ» አልኩ።

አልተነቃነቀችም።

«ጎንበስ በይና ግቢ እንጂ።» ድምፄ እንደ ጥጃ ሆነ። ዮአቭ ፍልጥ አነሳ።

ሽርጡ ቀስ ብሎ ታጠፈ፣ ነጭ ጸጉሯ በጉበኑ ስር ብቅ አለ።

«ወገቤን ነው፣ ደነዝ። ይሄን ሁሉ ዳገት ወጥቼ እንደ ልጅ ልታጠፍ?» አለች። ምድጃው ጋ ተቀምጣ ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። «ጠዋት ከገዳሙ መነኩሴውን፣ ላማውን ጥራልኝ። ጸሎቱን ያንብብለት።»

ጥጉ ያለው ሻይ ረግቶ ነበር። ሲኒውን ይዤ ልደፋ ብሞክር አልፈስስ አለኝ።

ጠዋት ላማውን ልጠራ ስወጣ፣ ያ የእንጨት መሸከሚያ ደጃፋችን ላይ ተቀምጧል፣ ገመዱ ተፈትቷል። ዮአቭ ሊያየው ተከትሎኝ ሲወጣ፣ ጓ!

አልሳቅኩም። ጉበኑን በእጄ ነካክቼ እንዳልተነቃነቀ አየሁና መንገዴን ቀጠልኩ።