ምላጩ መሳቢያ የገባ ጊዜ

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዞ የሚውል ሰው ደግሞ ማሳል አይፈቀድለትም። እሱ ግን ስድስት ወር ሙሉ አሳለው፤ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ደረቅ ሳል ብቻ። እኔ እዚያው ፀጉር ቤቱ በር አጠገብ ቁጭ ብዬ ፎጣ ስለማጥፍ እያንዳንዷን እሰማታለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ኮሌታን እየላጨ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሙቀት ቢሆን፣ ሲላጩም ቢሆን የኮሌታቸውን ቁልፍ ስለማይከፍቱ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሳሉ ድንገት መጣና እጁ ዘለለ፤ አገጫቸው ሥር ጫራቸው። ደሟ አንድ ጠብታ ናት።

"የስንቱን ተማሪ ደብተር በቀይ ሳቀልም ኖሬ የለ፣ ተራዬ ደርሶ ነው" አሉ እሳቸው።

ባሌ አልሳቀም። ምላጩን ጠርጎ በፎጣ ጠቀለለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ሳሉ እስኪለቀኝ ፀጉር ብቻ ነው" አለ። ሠላሳ ዓመት የኮራበት እጁ ነው እኮ። አንጀቴን በላው።

ከዚያማ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ፓውደሩ ነው አለ፤ ፓውደሩን ጣልነው። አንዱ የፀጉር ብናኝ ነው አለ፤ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ዋለ፣ ከጨርቁ ሥርም አሳለው። እሱ ራሱ ደግሞ "አዲሱ መስታወት ነው፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ነው የያዘኝ፣ ሙጫው ነው" ብሎ ድርቅ አለ። መስታወቱን አስወረድንና ደንበኛ ሁሉ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ እያየ ተስተካከለ። ሳሉ ንቅንቅ አላለም። መስታወቱን መልሰን ሰቀልነው።

በመጨረሻ ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ራጅ ተነሣ፤ ሳንባው ንጹሕ ነው ተባለ። ሐኪሟ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ስትለው እኔ ቀደም ብዬ "ምንም አይወስድም" አልኳት። ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። ሽሮፑ አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ማልደን ወጣን። ሐኪሟ ፊት እንደተቀመጥን ባሌ ወደኔ ዞሮ "ከረሜላዬን ረሳሽው" አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ አቀበልኩት።

"ለጉሮሮው ነው?" አለች ሐኪሟ።

"ኧረ ለግፊቱ ነው። ሌላ ክሊኒክ ደም ግፊት አለብህ ብለው ያዘዙለት ክኒን ነው። መድኃኒት ሲባል ስለሚሸሽ ከረሜላ ብዬ ስም አወጣሁለት። በየጠዋቱ በእጄ ነው የማጎርሰው፣ አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም" አልኳት፤ ኮራ ብዬ።

ማሸጊያውን ተቀብላ አነበበችው። "መቼ ጀመሩት?"

"መስታወቱ የተሰቀለ ሳምንት" አለ ባሌ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ይሄ ዓይነቱ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። በሌላ እቀይርልዎታለሁ። አዲሱን ግን እንዳያቋርጡ፤ ግፊቱ አለ። ሳሉም በአንድ ቀን አይጠፋም፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።"

ኩም አልኩ። መድኃኒት አይወስድም ያልኩት ስዋሽ አልነበረም፤ ቃሉ ከቤታችን ከጠፋ ሰንብቷል። መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። "በገዛ እጄ!" አልኩት። እሱ ከት ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበት፣ እያሳለውም ሳቀ።

"እኔ መስታወት አስወርዳለሁ፣ ለካ ሳል የምታጎርሰኝ ሚስቴ ናት።"

ክኒኑ በተቀየረ በአምስተኛው ሳምንት ጋሽ ኮሌታ መጡ። ሌላ ቤት አልላጭም ብለው ጺማቸው ኮሌታቸውን ሸፍኖታል። "ሰማሁ፣ ሳሉ ቆሟል አሉ" ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው የኮሌታቸውን ቁልፍ ፈቱና አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ባሌ የተከፈተውን ኮሌታ አየ። መሳቢያውን ከፈተ።

እኔ ፎጣ ማጠፍ ትቼ ትንፋሼን ያዝኩ። ምላጩ ከጆሮ እስከ አገጭ፣ ከአገጭ እስከ ጉሮሮ ወረደ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ነው። ጋሽ ኮሌታ ፊታቸውን በመስታወቱ አዩና ቁልፋቸውን መልሰው ቆለፉ። ባሌ ምላጩን ጠርጎ መደርደሪያው ላይ፣ የድሮ ቦታው አኖረው።

ያኔ ነው ትንፋሼን የለቀቅኩት። ስለቀው ትን አለኝና ሳልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"አንቺን ደግሞ ማን አጎረሰሽ?" አለ ባሌ።