ከበሩ የሰፋው ቁምሳጥን

በጃንሆይ ዘመን፣ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ ሱቃቸውን በአንድ ረድፍ ደርድረው የሚሠሩ አናጢዎች ነበሩ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፦ ከባድ ነገር የገጠመው ሰው በሩ ላይ ወጥቶ «እጅ!» ብሎ ይጮኻል። የሰማ ሁሉ መላጊያውን ጥሎ ይሮጣል። ማን ነው፣ ምን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንሥቶ፣ ደግፎ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል።

መሸሻ ብቻ አይሮጥም። እጁስ ወርቅ ነበር፤ ጠባዩ ግን አይጣል! «ሙያዬን ያዩብኛል» ብሎ የሳንቃ ሱቁን ጀርባዋን ለረድፉ ሰጥቶ ነው ያቆማት። «እጅ!» ሲባል እየሰማ ዝም ብሎ እንጨቱን ይልጋል። ቀልድ የማያልቅበት ጎረቤቱ ከሊፋ፣ «ዛሬም የመሸሻ ግድግዳ ደህና አደራችሁ ብሎናል» እያለ ያሾፍበታል።

እንግዲህ ወይዘሮ ቀለመወርቅ ለልጃቸው ሰርግ ቁምሳጥን አዘዙት። መሸሻ ዋንዛውን መርጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጥበቡን ሁሉ አፈሰሰበት። የሚጫንበት ቀን ደረሰና ማለዳ ወደ በሩ ገፋው። አልወጣም። አዞረው፤ በጎኑም ቢሆን ከበሩ ይሰፋል። ወይ ፍንክች! ያን የሚያህል ባለሙያ ሳጥኑን ሲለካ ከርሞ የገዛ በሩን ረሳ። አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ ቢያይ ኖሮ «በየት ልታወጣው ነው?» ይለው ነበር። ብቅ የሚል ሰው ግን አልነበረም።

ኮላው ደርቋል፤ ልፍታው ቢል ዋንዛው ይሰነጠቃል። ግድግዳውን ልንቀል ቢል የጣሪያው ቆርቆሮ ይወርድበታል። መኪናው መጥቶ ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ «የሰርግ ዕቃ ያስቀረ» ይባላል፤ ማን ዳግመኛ ሥራ ይሰጠዋል? እንጀራው ስሙ ነው።

በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። «በምን አፌ ልጥራቸው?» አለ በልቡ። መጨረሻ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

«እጅ!»

የመላጊያው ድምፅ በረድፉ ሁሉ ቀጥ አለ። አይመጡም፣ ብሎ አሰበ፤ ማንስ ይፈርድባቸዋል? ወዲያው ግን የሩጫ ኮቴ ሰማ። ፀጉራቸው ላይ ፍቅፋቂ እንደተሰካ፣ አንድም ሳይቀር መጡ። ከሊፋ አንገቱን አስግጎ ቁምሳጥኑን አየ፤ በሩን አየ።

«ሱብሃነላህ! አንተ፣ ይሄን እዚህ ውስጥ ነው የወለድከው?»

ሳቁ ሰፈሩን አናጋው። መሸሻ እንደ በርበሬ ቀላ።

«በል ተወው» አለ ከሊፋ፤ «ሳጥኑ አልወጣ ካለ ቤቱ ይነሣለታል።»

ሱቋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የተቀበረ ምሰሶ የላትም። ቁምሳጥኑን በጀርባው አስተኙትና በአራቱም ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። በዕድሜ የሚበልጧቸው ጋሽ ሀምዱ «ቢስሚላህ!» አሉ፤ ሌላው «በስመ አብ!» አለ። ሱቋ ጣሪያዋን ይዛ ተነሣች። ኃይለሥላሴ ይሙት፣ ተነሣች! እንደ ድስት ክዳን ከላዩ ላይ ተገፍፋ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሄደች።

መሸሻ ባለበት ደርቆ ቀረ። ቤት በሰው ትከሻ ሲሄድ! ያውም የእሱ ቤት፣ ያውም አንድ ቀን እንኳ ባልረዳቸው ሰዎች! እንጨት የሚቆርጥባቸው፣ ዓመታት የደበቃቸው የካርቶን ፎርማዎች ጠረጴዛው ላይ ፀሐይ መታቸው፤ ዞር ብሎ ያያቸው ግን የለም። ሁሉም ቁምሳጥኑን ከብበዋል። ጋሽ ሀምዱ ዋንዛውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉት። እንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

መኪናው ጭኖ ሄደ። ሱቋን ሲመልሷት በሯን ወደ ረድፉ አዙረው አስቀመጧት።

«ኧረ በሩ!» አለ መሸሻ።

«ጀርባዋን ማየት ሰልችቶናል» አለ ከሊፋ እጁን እያራገፈ። «ካልወደድካት ብቻህን አዙራት።»

ከሰዓት በኋላ መሸሻ የወንበር እግር ላይ ትኩስ ኮላ ቀብቶ ሊያጣብቅ ሲል፣ ከረድፉ ጫፍ «እጅ!» ተባለ። ኮላው አሁኑኑ ካልተጣበቀ ተበላሸ ማለት ነው።

«ይበላሽ!» ብሎ የወንበሩን እግር ወረወረው። በሩ አሁን ወደ ረድፉ ነበርና፣ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።