ምላስ የሚቆነጥጥ ሳሙና

ሳሙና ሠሪዋ ሦስተኛውንም ሳሙና በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ወዲያው እንትፍ አለች። እንደ ሁለቱ ይኸኛውም ቆነጠጣት። መደርደሪያው ላይ ስልሳ ሳሙና ተደርድሯል፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር መጥተው ሊወስዱት የቀራቸው ግማሽ ሰዓት ነው።

ታናሽ እህቷ ማሸጊያ ወረቀት እየቆረጠች ሳቀችባት። "እትዬ፣ ሳሙና እኮ ነው። ማን ሊልሰው?"

ሠሪዋ ግን ሳቅ አላማራትም። በበሩና በመደርደሪያው መካከል እየተንቆራጠጠች፣ ከትናንት በስቲያ ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ ምን ያህል እንደገባ ጠየቀቻት። እንደ ወትሮው፣ አለች ታናሽየዋ፤ ልኩንና አንድ ጭልፋ ጭማሪ። ውሃው ውስጥ ስትበትነው ግን ጉድ ነበር፤ ያለ እሳት ተንተክትኮ ባልዲውን መያዝ አቅቷት ነበር።

ያኔ ነገሩ ለሠሪዋ ተገለጠላት። ጭማሪውን ያዘዘችው ራሷ ናት። አሮጌው የኮስቲክ ከረጢት አፉን ከፍቶ ከርሞ፣ የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ጉልበቱ ስለደከመ ነበር ያዘዘችው። ከትናንት በስቲያ አዲስ ከረጢት ሲከፈት ግን ጭማሪው እንዲቀር መንገሩን ረሳችው። አሁን ትርፉ ኮስቲክ የሚበላው ዘይት አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ዘይት ካጣ ደግሞ የሚበላው ቆዳ ነው። ያውም የሦስት ዓመት ሕፃን ቆዳ።

"ሲቆይ ማቃጠሉ ይበርዳል ብለሽኝ የለ?" አለች ታናሽየዋ፣ ሳቋ ጠፍቶ። "ዳይሬክተሯን ካጣን እኮ ሌላ ደንበኛ የለንም።"

"እሱ ኮስቲኩ በልኩ ሲገባ ነው።"

ዳይሬክተሯ ደረሱ። ልጆቹ ከሰኞ ጀምሮ በባዶ ውሃ እየታጠቡ እንደሆነ፣ ዛሬም ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ከፋብሪካ እንደሚገዙ እየተናገሩ አንድ ሳሙና አንስተው ወደ ቧንቧው አመሩ። ሠሪዋ ፈጠን ብላ ከእጃቸው ወሰደችው።

"እሱን አይንኩት፣ ያቃጥላል። ጥፋቱ የኔ ነው። ፈቅፍቀን ከዘይት ጋር መልሰን እናበስለዋለን፤ ሦስት ቀን ይስጡን።"

"ልጆቹስ እስከዚያ?"

ሠሪዋ ፊቷን ስታዞር ዓይኗ ማጠቢያው ላይ ካለው የራሳቸው ሳሙና ላይ አረፈ፤ ካለፈው ወር የተረፈ፣ በግማሽ ያለቀ። አለቀለቀችውና በምላሷ ነካችው። አልቆነጠጣትም። በወረቀት ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ዳይሬክተሯ ጥቅሉን አገላብጠው አዩና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ታናሽየዋም ገላ መታጠቢያው ገብታ የራሷን ሳሙና ይዛ ወጣች፤ የተጣበቀባትን ፀጉር በጥፍሯ እየለቀመች "ይቺም ትጨመር" አለች።