የገመድ መፍቻ

የሙሽራ እናት በሠርግ ቀን ቤቷ ተቀምጣ ሙሽሪት ትቀበላለች እንጂ ከሚዜ ጋር ሚኒባስ ላይ አትሳፈርም። ይህን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ኑርሀያትም አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ያን የጥር እሁድ ጧት፣ ልጇ ሙሐዲን ሱፉን ለብሶ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ እሷ ከሁሉ ቀድማ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ የኋላው ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። አረንጓዴውን የቆርቆሮ ሳጥን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛለች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» አለች አሪፋ በሩ ላይ ቆማ። አሪፋ የሟች ባሏ የኑርዬ እህት ናት። ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ የተናገረችውን ሁሉ ደግሞ በ«ወላሂ» ካላሰረች አይሆንላትም።

«ሳጥኑን ላደርስ ነዋ።»

«ይሄ ሁሉ ወንድ ባለበት! ወላሂ እንዲህ ያለ አይቼም አላውቅ። ሙሽሪትን ማን ይቀበላታል?»

«ጸዳለ አለች።»

ጸዳለ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። የጸዳለ ልጅ ስትዳር ድንኳኑን ያስተከለችው፣ እንግዳውን ያስተናገደችው ኑርሀያት ስለነበረች፣ ዛሬ ጸዳለ የእሷን ጓዳ ተረክባ አዛዥ ናዛዥ ሆናለች። ስለዚህ አሪፋ እያጉተመተመች ገብታ ከፊቷ ባለው ወንበር ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥሎሹን ሳጥን የሙሽራው እናት ሞልታ ትቆልፈዋለች። ሙሽሪት ቤት ሲደርስ በሽማግሌ ፊት ይከፈትና ልብሱ አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ እልል ይባልለታል። ሴቱ በዓይኑ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም እስከ ልጅ ልጅ አይረሳም። ኑርሀያት መንገድ ዳር ዓሣ እየጠበሰች በሸጠችው፣ ዛሬ ነጠላ፣ ነገ ጫማ እያለች ይህንኑ ሳጥን አንድ ጊዜ ጢም አድርጋ ሞልታው ነበር። ከዚያ በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። ነፍሴ አውጪኝ ብለው በእግራቸው ሸሹ። ሲመለሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዕቃ የሚባል የለም፤ ሳጥኑ ግቢው መሃል ተጥሎ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ሠርጉ አንዴ ተራዘመ፤ ሁለተኛም ተራዘመ።

ዘንድሮ እንደምንም ተፍጨርጭራ የሞላችው ግማሹን ነው። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሻርፕ፣ ጫማ፣ አንድ ሽቶ። ሳጥኑ ሲነሳ እንዳይቀልባት ብላ ከሥሩ የኑርዬን አሮጌ የዓሣ መረብ ከነእርሳስ ማዝቀጫው አጣጥፋ ከተተችበት። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥባዋለች፤ አሪቲም ጎዝጉዛበታለች፤ የሐይቁ ሽታ ግን እንደ ዘመድ ነው፣ ሂድ ቢሉት አይሄድም። ሐሳቧ ሽማግሌዎቹ ፊት እሷው ራሷ ከፍታ፣ ልብሱን ቀስ እያለች አሳይታ፣ ክዳኑን ቶሎ ከርቸም ማድረግ ነበር። የመጣችው ለዚህ ነው። መረቡ ከታየ ግን አለቀላት፤ ያውም አሪፋ ባለችበት!

የመጀመሪያው ኬላ ከሐይቅ መውጫ ላይ ነው። ፈታሾቹ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ዓሣዋን በልተው ያደጉ። ሙሽራውን ሲያዩ እልል ብለው ገመዱን ለቀቁት። ሹፌሩ ባድሩ ጥሩምባውን አንባረቀ፤ ሐይቁ ከኋላ እየራቀ፣ የአምባሰል ተራራ ከፊት እየቀረበ ሄደ። ኑርሀያት ደስ አላት። ልጇ ከፊት ተቀምጦ ከረባቱን በመስታወት ሲያስተካክል አየችውና የአባቱ አንገት ነው አለች በሆዷ።

ከውጫሌ መዳረሻ ያለው ኬላ ግን ሰዎቹ አዲስ ናቸው። ሚኒባሱ ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳፋሪው ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። የሦስት ዓመት ፍተሻ የወሎን ሰው አሠልጥኖታል፤ ውረዱ የሚለው የለም፣ ራሱ ይወርዳል። ሴቱ መታወቂያውን ከጉያው ያወጣል፤ ወንዱ ኮቱን ይፈታል። ኒካውን ሊያስሩ የሚሄዱት ሼህ ሰላሀዲን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እሳቸው እንኳ ማንም ሳያዛቸው ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ሰቅለው ቆሙ።

ታረቀኝ የሚባለው ፈታሽ ሳጥኑን ሊያነሳ ሞክሮ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «ምን ቢሞሉት ነው እንዲህ የሚከብደው?» አለና የያዘውን የብረት መፈተሻ አስጠጋው። ጢጥ ጢጥ አለ።

«ይከፈት።»

«ወንድም ዓለም፣ የሙሽራ ሳጥን መንገድ ላይ አይከፈትም» አለ ባድሩ።

«ብረት ያለበት ሳጥን የሙሽራም ቢሆን ይከፈታል።»

አሪፋ ከሴቶቹ ሰልፍ ወጥታ አንገቷን አሰገገች። የሳጥኑ ቁልፍ ኑርሀያት አንገት ላይ ነው፤ እሷ ግን በነጠላዋ ሸፈነችው። ሴቶች የምትፈትሸው መቅዲ ይህን አየች። መቅዲ ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰች ልጅ ናት፤ ኮፍያዋ ሰፍቷት ጆሮዋ ላይ አርፏል። «ተወው፣ እኔ ልየው» አለችና ሳጥኑን ከኑርሀያት ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ከቆርቆሮው ዳስ ጀርባ ወሰዱት።

ኑርሀያት ቁልፉን አውጥታ ከፈተችው፤ መቅዲ ቀሚሶቹን በጥንቃቄ አነሳች። ከዚያ እጇን ወደ ሥር ስትሰድ እርሳሱ ተንኳኳና ክው ብላ ወደ ኋላ አለች። «እማ! ጥይት ነው እንዴ?»

«መረብ ነው ልጄ። የባለቤቴ መረብ።»

«በጥሎሽ ሳጥን?»

ኑርሀያት መዋሸት ፈልጋ ነበር፤ አልመጣላትም። የመጀመሪያው ሳጥን እንዴት እንደሄደ፣ ይሄኛው ለምን እንደጎደለ፣ አሪፋ የቷ እንደሆነች ሁሉ በሹክሹክታ ነገረቻት። ስትጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። መቅዲ ልብሶቹን አንድ በአንድ፣ ኑርሀያት ካጣጠፈቻቸው አሳምራ አጣጠፈቻቸው፤ ሻርፑን ነፋ አድርጋ ከላይ አለበሰችው። ከቆለፈች በኋላ ከዳሱ ጀርባ ጮክ ብላ፣

«ታረቀኝ! ጥሎሽ ነው! ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ ስታገል ቆየሁ፣ እንዴት ያለ ሙሉ ነው!» አለች። ቀጥላ ወደ ኑርሀያት ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ከፊት ሌላ ኬላ ካለ ሳይጠይቁዎት ራስዎ ይክፈቱት። እርሳስ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። የሚያስጠረጥረው የሚደብቅ ሰው ነው» አለቻት።

«አላህ ወግ ማዕረግሽን ያሳየኝ» አለች ኑርሀያት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ምን አቆየሽ?» አለች አሪፋ ሚኒባሱ እንደተንቀሳቀሰ።

«ልጅቱ ሽቶውን ልሽተት ብላ ነው።»

«ወላሂ ምቀኛ ነሽ። እኔን እንኳ አላሸተትሽኝም።»

ከአስፋልቱ ወጥተው ኮረኮንቹን ያዙ። ፀሐዩ ጠና፤ ኑርሀያት ሦስት ሌሊት ሳትተኛ ነው የከረመችው፤ ጭንቀቱም ለቀቃትና ሳጥኑ ላይ ራሷን ደፍታ እንቅልፍ ወሰዳት።

የነቃችው ሚኒባሱ ቀጥ ሲል ነው። መንገዱ ላይ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ተወጥሯል፤ መሃሉ ላይ ቢጫ ጀሪካንና ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አንዱ ወጣት አሮጌ የወታደር ጃኬት ለብሶ ዱላ ይዟል።

«ደግሞ እዚህም?» አለ ባድሩ፤ ሙዚቃውን ዘጋ።

«ውረዱ!» አለ ጃኬት የለበሰው።

ወረዱ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። መታወቂያ ወጣ፤ ኮት ተፈታ። ሙሐዲን ከነሱፉ፣ ከነአበባው እጁን ሰቀለ። ሼህ ሰላሀዲንም ሰቀሉ። ኑርሀያት ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና የመቅዲን ምክር አስታወሰች፤ ሳጥኑን ባድሩ እንዲያወርድላት አደረገችና ገመዱ ሥር አስቀምጣ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከፈተችው። ቀሚሶቹን አውጥታ ክንዷ ላይ አደረገች።

«ልጆቼ፣ እኔ የምደብቀው የለኝም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ልብሱ ይኸውላችሁ። ከሥር ያለው የባለቤቴ መረብ ነው። የሚንኳኳው እርሳስ ነው እንጂ ጥይት አይደለም። ሳጥኑ ጎድሎ እንዳይታይብኝ ብዬ ነው የከተትኩት።»

ከዚያ ከቁጥቋጦው ጀርባ ድቤ ያነገቡ ልጃገረዶች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። ፊታቸው ለሳቅ ተዘጋጅቶ የነበረ ነው፤ ሳቁ ግን የት እንደገባ ጠፋባቸው።

ይህ ኬላ አልነበረም። በዚያ አገር ሠርገኛ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን መንገድ ላይ ገመድ ይወጥራል፤ ሠርገኛው ይዘፍናል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻ የገመድ መፍቻ ሰጥቶ ያልፋል። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ግን ገመድ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ለሠርግ ወጥሮ አያውቅም። ዘንድሮ የሙሽሪቷ የሰሚሃ ወንድም ኡስማን፣ «ለእህቴማ እንመልሰዋለን» ብሎ ተነሳ። ጃኬቱን የለበሰው እሱ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለውን አላሰበውም፤ ልጅ አይደል!

ኑርሀያት ድቤውን አየች፤ ልጃገረዶቹን አየች፤ ገባት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ በገዛ እጇ፣ በገዛ አፏ፣ በአማቶቿ ደጅ ላይ! ዞር ስትል አሪፋ አጠገቧ ቆማ ሳጥኑ ውስጥ ትመለከታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሼህ ሰላሀዲን እጃቸውን ገና አላወረዱም። ኡስማን ዱላውን ጥሎ ሮጠና የሽማግሌውን እጆች ይዞ ቀስ አድርጎ አወረዳቸው፤ ደጋግሞም ሳማቸው። «አባባ፣ ጨዋታ ነው፤ ወላሂ ጨዋታ ነው» እያለ ያለቅሳል።

ድንኳኑ ከዚያ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። የሙሽሪት እናት ስህን ዘፈኑን ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ ሲቀርባት ጊዜ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። ሰልፉን አየች። ክፍቱን ሳጥን አየች። የኑርሀያትን ፊት አየች። ማንንም ምንም አልጠየቀችም፤ ጎንበስ ብላ መረቡን ከነእርሳሱ በሁለት እጇ አቅፋ አወጣችው።

«ኡስማን!» አለች። «ገመድ የወጠርከው የገመድ መፍቻ ልትቀበል አይደለም?»

«ነው እማዬ።»

«እንግዲያው ተቀበል።» መረቡን ትከሻው ላይ ጣለችው። «ከሳጥናቸው ግማሹን ሰጥተውሃል። አምባሰል ውስጥ እንዲህ ያለ መፍቻ የተቀበለ ወንድም የለም። በል ፍታው፣ ልጄን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ፀሐይ ላይ አይቆሙም!»

መጀመሪያ የሳቁት ሼህ ሰላሀዲን ናቸው። ድቤው ተመታ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ሙሐዲን ኮቱን ቆለፈ። ስህን ቀሚሶቹን ከኑርሀያት ክንድ ተቀብላ ሳጥኑ ውስጥ መለሰቻቸውና፣ ስታቅፋት በጆሮዋ፣ «እኛም ቤት ገብተው ነበር እኮ፣ እህቴ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ምንጣፍ በሙሉ የጎረቤት ነው» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ትንሽ አለቀሱ፤ ለቅሶው አልከበዳቸውም።

ድንኳን ውስጥ ሳጥኑ በሽማግሌ ፊት ተከፈተ። ቀሚሶቹ ከፍ ከፍ ተደረጉ፤ ሻርፑ ታየ፤ ሽቶው ዞረ። ከዚያ አንድ ዓይናቸው የማይደክም ሽማግሌ ወደ ውስጥ አጮልቀው፣ «ግማሹ ባዶ ነውሳ?» አሉ።

ስህን ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከሴቶቹ መሃል አሪፋ ብድግ አለች።

«መንገድ ላይ ነው የጎደለው!» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «ከሐይቅ ስንነሳ ክዳኑ አልገጥም ብሎ፣ እኔ ራሴ ተቀምጬበት ነው የተቆለፈው። ግማሹን ገመዳችሁ በላው፤ የወንድሜ ቤት ጎደሎ ሳጥን አይልክም!»

«እኛ በላነው! እኛ በላነው!» አሉ የኡስማን ጓደኞች ከደጅ።

ሽማግሌው ተደስተው መረቁ። አሪፋ ተመልሳ ከኑርሀያት ጎን ተቀመጠች፤ ወደሷም አላየችም፣ የነጠላዋን ጥለት ብቻ ታስተካክላለች። ኑርሀያት እጇን ፈልጋ ያዘቻት። በሃያ ስምንት ዓመት ዝምድናቸው አሪፋ አንድ ነገር ተናግራ «ወላሂ» ሳትል የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው።