የእስከዳር ሽማግሌዎች

ቤይሩት ያለው የሐበሻ ማኅበር ነገር ያስቃልም፣ ያስለቅሳልም። አባላቱ ሴት በሴት ናቸው። መዋጮውን የሚያዋጡት ሴቶች፣ የታመመ የሚጠይቁት ሴቶች፣ የሞተ የሚያለቅሱት ሴቶች። ሊቀመንበር ሲመረጥ ግን ወንድ በባትሪ ተፈልጎ ይመጣል። ምካሌስ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭነው ያዕቆብ ወንበሩን ከያዘ ሰንብቷል። ክፉ ሰው አይባልም፤ ብቻ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይወፍራል።

እስከዳር ልወዳደር ብላ የተነሳችው ወንበሩ አምሯት አይደለም። ማኅበሩ ናባዓ ሰፈር የተከራያት አንዲት ክፍል አለች፤ ከአሠሪ ቤት ወጥታ መግቢያ ያጣች ሴት የምታርፍባት። ያዕቆብ በስብሰባ ላይ «ይቺ ክፍል ስማችንን አጠፋችው፤ የሴት መዋያ አላችሁ እየተባልን ነው። እኔ ከተመረጥኩ በማግስቱ ትዘጋለች» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ያን ጊዜ ክፍሏ ውስጥ የወሎዋ ጦይባ ተኝታ ነበር። ኩላሊቷን ሲያማት አሠሪዎቿ «ኸላስ፣ ይቺ አትሠራም» ብለው መንገድ ላይ አውርደዋት የሄዱ ልጅ ናት፤ ወረቀት የላት፣ ዘመድ የላት። እስከዳር ደሟ ፈላ። «እንግዲያውስ እኔ እወዳደራለሁ! እኔ እያለሁ ያቺ ክፍል አትዘጋም!» አለች። ሴቶቹ አዳራሹ እስኪናጋ አጨበጨቡላት።

ጭብጨባው ሳይበርድ ወሬው ተነሳ። ወይ ወሬ! «ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ምን አቅብጧት ነው?» ተባለ። «መጀመሪያ ለራሷ የሚሆን ሰው ትፈልግ» ተባለ። እሑድ እሑድ ከማን ጋር እንደምትውል የሚያውቅ ሰው በዛ፤ ያን ሰውዬ እሷ ራሷ እንኳ አታውቀውም። ነገሩ በስልክ ተሻግሮ ደብረ ታቦር ገባና እናቷ ደወሉ። «ልጄ፣ በሰው አገር ፖለቲካ ገባሽ አሉኝ። ሬሳሽን ነው እንዴ የምጠብቀው?» ብለው አለቀሱ። የማኅበር ጉዳይ ነው ብትል፣ የታመመች ልጅ አለች ብትል፣ ማን ይስማት።

ይህንን ሁሉ ዋጥ አደረገችው። ያዕቆብ ግን ሌላ አመጣ። ፈገግ እያለ፣ በትሕትና፣ «እህታችን የምትኖረው ማዳሟ ቤት ነው። ያኒ፣ ማክሰኞ ቀን ሆስፒታል ቢጠራን ማን ያስወጣታል? ማዳሟ መፍቀዷን ታረጋግጥልን። በምርጫው ዕለትም በአካል ትገኝ፤ ካልተገኘች ግን እንደተወችው ይቆጠራል» አለ። እሱን ራሱን ማክሰኞ ቀን ማን ከመጋዘኑ እንደሚያስወጣው የጠየቀው የለም።

እስከዳር ማዳሟን ታውቃታለች። ማዳም ኖሃ ክፉ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። ፀጉሯን ተሠርታ ስትመጣ ልቧ ይከፈታል፤ ያን ሰዓት ጠብቃ፣ ምርጫ የሚለውን ቃል ሳታነሳ፣ «ማዳሜ፣ የታመሙ ልጆች የምንረዳበት ማኅበር አለን» ብላ ልታስፈቅድ አስባለች። ይሳካላትም ነበር፤ እኔ እንጃ፣ ሳይሳካላት አይቀርም ነበር።

እትዬ ሙሉመቤት ግን አላስቻላቸውም። እትዬ ሙሉመቤት ናባዓ ተከራይተው በየቤቱ የሚያጸዱ፣ እስከዳርን እንደ ወለዷት የሚወዱ አንጋፋ ሴት ናቸው። «ልጅት ራሷ ትጠይቅ? ነውር አይደለም? ሰው የላትም እንዴ! ሽማግሌ ይላካል እንጂ!» አሉ። አገር ቤት ለትልቅ ጉዳይ ሁሉ የሚደረገው ለማዳም የማይደረግበት ምክንያት አልታያቸውም። የሕንፃ ጠባቂውን ጋሽ በላይነህን ያዙ፣ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሌላ አዛውንት ጨመሩ፣ ደስ እንዲላት ብለው ለእስከዳር ሳይነግሯት፣ በምርጫው ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት የማዳም ኖሃን ደወል ተጫኑ።

እስከዳር በሩን ስትከፍት ክው አለች። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ እትዬ ሙሉመቤት የታሸገ ባቅላዋ ታቅፈዋል።

«ምነው እትዬ? ምን ሆናችሁ?»

«አንቺ ዝም በይ፤ የሽማግሌ ነገር ነው» አሉና ገቡ።

ማዳም ኖሃ ወጣች። ጨዋ ሴት ናትና «ተፈደሉ» ብላ ሶፋውን አሳየቻቸው። አልተቀመጡም። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በላይነህ ነጠላቸውን አስተካክለው። እኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ማዳም ኖሃ ያየችው ግን ሳሎኗ መሃል ቆመው ቁጭ በሉ ሲባሉ እምቢ የሚሉ ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሹ፣ እስከዳር? ምንድነው የሚፈልጉት?»

«እንግዶች ናቸው፣ ማዳሜ፤ አሁን ይቀመጣሉ።» ወዲያው ወደነሱ ዞራ በአማርኛ ለመነች፤ «ስለ ማርያም፣ ተቀመጡልኝ!»

«እሺ ትበለና!» አሉ እትዬ ሙሉመቤት።

ጋሽ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው ጀመሩ። «ማዳም፣ ነገ ኢንቲኻባት አለን። ምርጫ። እስከዳርን አለቃ ልናደርጋት ነው። ልጅዎን ይስጡን።»

ማዳም ኖሃ እጇ ደረቷ ላይ ሄደ። «ኢንቲኻባት? ቤቴ ውስጥ ፖለቲካ?» ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። «ፓርዶን፣ ውጡ። አሁኑኑ ውጡልኝ!» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። እትዬ ሙሉመቤት ባቅላዋውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው መሬት ላይ አኖሩትና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እስከዳር እሳቸው ላይ ልትናደድ ፈለገች፤ አልቻለችም። አሳዘኗት።

ማዳም ወደ ማድ ቤት ተከትላት መጥታ የእስከዳር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ወንበር ነክታው አታውቅም።

«ሐቢብቲ፣ የአጎቴን ልጅ ታውቂያታለሽ፤ ጠበቃዋን። ለማዘጋጃ ቤት ተወዳድራ ነበር። ፎቶዋን ከየግድግዳው ላይ ቀደዱት። ስለ እሷ ያወሩትን ባንቺ ፊት አልደግመውም። ወንድሞቿ እንኳ አልመረጧትም፤ ቤተሰቡ የሚያቀርበው ወንድ ነው አሏት። ይኸው እስከ ዛሬ ከቤት አትወጣም። እሷን፣ የዚህን አገር ልጅ፣ እንዲህ ካደረጓት አንቺን ምን ያደርጉሻል? ነገ አትወጪም። ለራስሽ ነው።»

«ማዳሜ፣ ለታመመች ልጅ ነው። ነገ ብቻ ልውጣ፤ ከዚያ በኋላ የእሑድ እረፍቴን ሁሉ ውሰጅው!»

ማዳም ኖሃ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኗ ስትሄድ በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

የምርጫው ስብሰባ ናባዓ፣ ከዚያችው ጦይባ ካለችበት ክፍል ሥር ባለው አዳራሽ ነበር። ጓደኛዋ ነስሪያ ስልኳን ከፍታ አሰማቻት። እስከዳር በረንዳው ላይ፣ የተሰጣ አንሶላ መሃል ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«እስከዳር አልመጣችም?» አለ ያዕቆብ።

«ተቆልፎባት ነው! በስልክ አለች፣ በስልክ ትናገር!» ጮኸች ነስሪያ።

ያዕቆብ ድምፁን አወፈረ። «አዝናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን እህቶቼ፣ የራሷን በር ማስከፈት ያልቻለች የእናንተን በር እንዴት ታስከፍታለች?»

እዚያ ከተቀመጡት ሴቶች ግማሹ ቅዳሴ ነው፣ ሳብራ ገበያ ነው ብለው ዋሽተው የወጡ ናቸው። እያንዳንዷ በሯ ያን ቀን እንዴት እንደተከፈተላት ታውቀዋለች። ደፍራ የምትመልስ ጠፋች። እስከዳር «ነስሪያ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ልናገር!» አለች፤ ግን «እጅ አውጡ» ተብሎ ነበር። ከዚያ ለያዕቆብ እልልታው መጣ። ማንም ይመረጥ፣ ሲመረቅ እልል ይባላል፤ ሴቶቹ ሞቅ አድርገው አቀለጡት።

«እኔ አላወጣሁም፣ ወላሂ አላወጣሁም» አለች ነስሪያ እያለቀሰች። «እትዬ ሙሉመቤት ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ናቸው። እኔ ነኝ የገደልኳት ይላሉ።»

«አይበሉ በያቸው» አለች እስከዳር። ስልኩን ዘጋችው።

ወዲያው መልሶ ጮኸ። ጦይባ ናት።

«እስከዳርዬ! እልልታው እዚህ ላይ ድረስ ተሰማኝ፤ ግድግዳው ሁሉ ተንቀጠቀጠ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን አላህ ደስ አሰኘሽ! እኔ እኮ ፈርቼ ከትናንት ጀምሮ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። አሁን እያቃሰትኩም ቢሆን ተነስቼ ልብሴን ሁሉ አውጥቼ ሰቀልኩት።»

እስከዳር አንሶላውን ጨብጣ ያዘች። ከታች መንገዱ ላይ መኪና ይጮኻል።

«እስከዳር? አለሽ?»

«ጦይባ፣ እህቴ… እልልታው የኔ አይደለም።»

በስልኩ ውስጥ የማንጠልጠያው ሽቦ ኳ ሲል፣ ልብስ ሲወርድ፣ ሌላ ልብስ ሲወርድ ተሰማ።

«አብሽሪ» አለቻት ጦይባ ቆይታ። «አብሽሪ፣ እህቴ፤ አታልቅሺ። ቀለል ያለ ሻንጣ ነው።»