የአንቲ ሳቪ አሰልጣኝ

ተማም ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን መሀል ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። ወደ ሱቁ ሲገባ መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፤ እሱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህን የሚለው ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ነው። በራሱ መቀለድ ይችልበታል። ሌላ ሰው ሲቀልድበት ግን ደሙ ይፈላና እችላለሁ ማለት ይጀምራል። ዘንድሮ ጉድ የሠራችው ይህችው እችላለሁ የምትል ምላሱ ናት።

ሱቁ ያለበት ሕንፃ ባለቤት አንቲ ሳቪ ይባላሉ። ቅድመ አያቶቻቸው የሸንኮራ አገዳ ሊያለሙ ከሕንድ ወደ ደርባን የመጡ ታሚሎች ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጧት ጧት ሳሪያቸውን አጣፍተው ይወርዱና፣ ገና ያልተፈታ የብርድ ልብስ እስር ላይ ተቀምጠው ራዚያ የቀዳችላቸውን ሻይ እየጠጡ ያወራሉ። ራዚያ የተማም ሚስት ናት። ሱቁን በእውነቱ የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ይህንንም ተማም ራሱ ይመሰክራል፣ እሷ በሌለችበት።

ጥር ወር ላይ አንድ ጧት አንቲ ሳቪ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «ዘንድሮ ኬዳርናት እሄዳለሁ» አሉ።

ተማም አዲስ የተከፈተ ጅምላ መሸጫ መሰለው። «ከቻይኖቹ ዋጋው ይሻላል?» ሲል ጠየቀ።

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው አስረዱት። ኬዳርናት ሂማላያ ላይ ያለ የአምላካቸው የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። ግማሹን ዓመት በረዶ ይዘጋዋል፤ ሲከፈት ሂንዱ ከያለበት ይጎርፋል። መኪና የሚደርሰው እስከ ተራራው ግርጌ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የሚያስለፋ ዳገት ነው። ከባላቸው ጋር ዘንድሮ እንሄዳለን፣ ለከርሞ እንሄዳለን ሲሉ ባላቸው ሞቱ።

«ሰው በበቅሎ ይወጣል፤ ሄሊኮፕተርም አለ። እኔ ግን በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ተስያለሁ። ልጄ ኩማራን አይሆንም አለኝ። ሐኪም አይደል? ለሐኪም ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው። የሚያለማምደኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ተማምን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ። የተወለድከው ተራራ አገር አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«ሙጎ የሚባል ተራራ ስር ነው የተወለድኩት፣ አንቲ» አለ፤ ደረቱን ነፋ።

«ትወጣው ነበር?»

«እንዴታ!»

መጋረጃ የምታጥፈው ራዚያ እጇ ቆመ። እሷም እንደ ባሏ የወራቤ ልጅ ናት። ባሏ የተወለደው ከተማው ውስጥ፣ አስፋልት ዳር መሆኑን ታውቃለች። ሙጎን በሕይወቱ ያየው ከሚኒባስ መስኮት ነው፤ ያን ቀንም ተራራውን ጭጋግ ሸፍኖት ነበር።

«ትምህርት ቤትስ? እንደነዚያ ሯጮቻችሁ ሮጠህ ነበር የምትሄደው?»

«በየቀኑ፣ አንቲ።»

ይኼኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነው፤ ሁልጊዜ ስለሚያረፍድ መንገዱን በሩጫ ነበር የሚሻገረው።

ሱቁን ሲዘጉ ተማም ማምለጫ ቀዳዳ ፈለገ። «ራዚያ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ሰው ለጣዖት ሊሰግድ ሲሄድ እግሩን ማለማመድ ይፈቀዳል እንዴ?»

«ደረጃ አብረኸኝ ውጣ አሉህ እንጂ ሃይማኖትህን ቀይር አላሉህም» አለች ራዚያ ቁልፉን እያዞረች። «ደግሞ የሚያሰጋኝ ኢማንህ አይደለም፤ ጉልበትህ ነው።»

ልምምዱ በማግስቱ በሕንፃው ደረጃ ላይ ተጀመረ። አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። አንቲ ሳቪ ከሳሪያቸው ስር ነጭ ስኒከር አድርገው ፊት ፊት ይወጣሉ፤ በየፎቁ ዞር ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጋጥሙና የሺቫን ስም ይጠራሉ። ተማም ከኋላ ይከተላል። ሲጀምር ቢስሚላህ ይላል። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ግን ከአፉ የሚወጣው ሰው ሲሞት የሚባለው ነው።

ድካሙን የሚደብቅበት ዘዴ አላጣም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የውሃ ቱቦ ያፈስ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ሦስተኛው ላይ ስልኩ ይጠራል፤ ማለትም ሳይጠራ ያነሳዋል። «ሃሎ፣ አዎ፣ ጭነቱ ደረሰ?» እያለ ግድግዳ ተደግፎ ይተነፍሳል። አንድ ቀን እንዲህ ሲያወራ ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ እውነት ጠራ። አንቲ ሳቪ እንዳልሰሙ ሆነው መውጣታቸውን ቀጠሉ። ደግ ሰው ናቸው።

ቀስ በቀስ ወሬው ጀርሚስተንን አዳረሰው። የአገሩ ልጆች ሲያልፉ «ኮች! እንዴት አደርክ?» ይሉት ጀመር። ሰው ኮች ካለው አይቀር ብሎ ሰማያዊ ቱታ ገዛ፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካም ጨመረበት። ፊሽካውን አንዴ ብቻ ነው የነፋው። አየሩ አልበቃውም።

የሚገርመው አሮጊቷ በረቱ። መጋቢት ሲገባ አራቱን ፎቅ ወጥተው ወርደው ድጋሚ ይወጣሉ። ሁለተኛውን ዙር ተማም ከታች ሆኖ «በርቱ! ትከሻ ቀና!» እያለ ነው የሚያሰለጥነው። ለአሰልጣኝ ማየት ይበቃዋል ይላል።

አንድ ቅዳሜ ዶክተር ኩማራን መጣ። ቀጠን ያለ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። እናቱን አየ፤ ቱታውን አየ፤ ከቱታው ውስጥ ያለውንም አየ።

«እማ፣ ዌስትክሊፍ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ታውቂዋለሽ? እሱን ሳትቀመጪ ሦስት ጊዜ ከወጣሽ ኬዳርናት ትሄጃለሽ። ካልሆነ ይህን ነገር ሁለተኛ አታነሺብኝም።» ወደ ተማም ዞረ። «አሰልጣኙም አብሮ ይወጣል። ወይስ ይከብደዋል?»

ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነገር አለች። ተማም አያት።

«ሦስት ጊዜ ብቻ?» አለ።

ራዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

እሑድ ጧት ሄዱ። ዌስትክሊፍ ትላልቅ ቤቶች ያሉበት ኮረብታ ነው። ደረጃው ከታች ሲያዩት ጫፉ አይታይም፤ በዛፍና በድንጋይ መሀል እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄዳል። ስብ የሚባል ነገር ያልተፈጠረባቸው ወንዶችና ሴቶች ከነውሾቻቸው ሽር ሽር ይላሉ። ተማም ለጉልበት ይሆነኛል ብሎ ጠዋት ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ እስኪጠግብ በልቷል። ከጠገበም በኋላ ትንሽ ጨምሯል።

የመጀመሪያውን ዙር እንዴት እንደወጣው ዛሬም አያውቅም። በሁለተኛው ዙር፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ደረጃው መተንፈስ ጀመረ። ማለትም ለእሱ እንደዚያ መሰለው። ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዛፎቹ ወደ ጎን ያዘነብላሉ። ልቀመጥ ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ሳያልቅ ተጋድሞ ራሱን አገኘው። አንድ ቡናማ ውሻ ፊቱን እየላሰው ነበር። እግሩ ቢታዘዝለት ኖሮ ያኔውኑ ሊታጠብ ይሮጥ ነበር፤ አልታዘዘለትም።

ዶክተር ኩማራን ከታች ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ደረሰ። አንጓውን ያዘ፤ ዓይኑን ገለጠ፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ሰቀለው።

«እማ! ቁሚ! በቃ!»

አንቲ ሳቪ ከላይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሞታል?»

«አይሞትም! ግን...»

«እንግዲያስ አንተ ያዘው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ልጃቸው ሊከተላቸው አልቻለም፤ የበሽተኛ እግር ትከሻው ላይ ነው። አሮጊቷ ሁለተኛውን ዙር ጨርሰው ቁልቁል ተመለሱ። ተማም የተጋደመበት ቦታ ደረጃው ጠባብ ነው። አንቲ ሳቪ ሳሪያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ «ይቅርታ፣ ልጄ» አሉና ተሻገሩት። ሦስተኛውን ዙር ሲወጡ ድጋሚ ተሻገሩት። ያን ጊዜ ሯጮቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ከላይ የአሮጊቷ ድምፅ የሺቫን ስም እየጠራ ሲያስተጋባ፣ ተማም እግሩ ሰማይ እያየ ሰማው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ደግሞ እንደዚያ ቀን በሰው ደስታ ደስ ብሎት አያውቅም። ሁለቱ ባንድ ደረት እንዴት እንደተቻቻሉ ይገርመዋል።

«ጠዋት ምን በላህ?» አለው ዶክተሩ።

ነገረው።

ዶክተሩ አንጓውን ድጋሚ ያዘና፣ «ልብህ ጤነኛ ነው» አለው። «ጭንቅላትህን ግን የሚያይ ሌላ ሐኪም አለ።»

በመኪና ሲመለሱ አንቲ ሳቪ የተማምን እጅ ያዙ። «ገብቶኛል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኩማራን መሀል መንገድ ላይ እንዳያስቆመኝ ብለህ ነው የወደቅከው።»

«ኧረ አይደለም አንቲ! በእውነቴ ነው የወደቅኩት።»

«እንዲህ ነው ደግ ሰው» አሉ አንቲ። «የሠራውን አያወራም።»

በማግስቱ በብርድ ልብሱ እስር ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናዘዘላቸው። ሙጎን ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት እንደነበር፣ ቱቦው አንድም ቀን እንዳላፈሰሰ ነገራቸው። አንቲ ሳቪ እየሳቁ አዳመጡት። ሲጨርስ ወደ ራዚያ ዞረው «ባልሽ ትሑት ነው» አሏት።

«በጣም» አለች ራዚያ።

እሳቸው ያመኑትን ጀርሚስተንም አመነው። ነጋዴው ሁሉ ተማም ለአሮጊቷ ሲል ራሱን ደረጃ ላይ እንደጣለ አወራ። እሱ «እኔ እኮ ጨጨብሳ ነው የጣለኝ» ባለ ቁጥር ሰው ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ የሚታመን ሰው፣ እውነት ሲናገር የሚሰማው አጣ።

ዶክተር ኩማራን ቃሉን አላጠፈም። ብቻዋን አልለቃትም ብሎ እሱም ፈቃድ ወስዶ ከእናቱ ጋር ተነሣ። አንቲ ሳቪ የቤታቸውን ቁልፍ ለተማም ሰጡት። በረንዳቸው ላይ የሚጸልዩባት፣ ቱልሲ የምትባል በሶብላ የምትመስል ተክል አለች። ብርድ እንዳይመታት የሚጠብቃት፣ ጧት ጧት ውሃ የሚያጠጣት ሰው ያስፈልጋል።

እናም ተማም ማንም ሳያስገድደው በየቀኑ አራት ፎቅ ይወጣ ጀመር። በረንዳው ላይ ቆሞ ከተማውን ያያል። ከታች ሚኒባሶቹ ይጮኻሉ፤ ሱቅ ይከፈታል። ሻይ ሰዓት ሲደርስ እስሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ራዚያ አንዳንዴ ረስታ አንድ ብርጭቆ ትርፍ ትቀዳለች።

ግንቦት አልፎ ብርዱ ሲመጣ ሱቁ በገዢ ተጨናነቀ። አንድ ጧት ተማም መሰላል ላይ ሆኖ ብርድ ልብስ ሲያወርድ ስልኩ ጠራ፤ በቪዲዮ ነው። ከፈተው። መጀመሪያ ነጭ ብቻ ታየው፤ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው። ቀጥሎ ከግዙፍ ድንጋይ የታነፀ ግራጫ ቤተ መቅደስ፣ የሰው ጎርፍ፣ የደወል ድምፅ። በመጨረሻ የአንቲ ሳቪ ፊት መጣ። አፍንጫቸው በብርድ ቀልቷል፤ ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብተዋል። ሊናገሩ ይሞክራሉ፤ እንባ ይቀድማቸዋል።

«ደረስኩ» አሉ በመጨረሻ። «በእግሬ። መሀል ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ ድንኳን ውስጥ አደርኩ። ሲነጋ ተነሣሁ። ባሌን አንድ ጊዜ ጠራሁትና ገባሁ።»

«ማሻ አላህ!» አለ ተማም። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

«ኩማራንን ላሳይህ» ብለው ስልኩን አዞሩት። ዶክተሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንሽ የኦክስጅን ጣሳ አፍንጫው ላይ ደፍኗል። በበቅሎ ነበር የወጣው። ተማምን ሲያይ በነፃ እጁ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው፣ ሰላምታ ሰጠው። ተማም ለመሳቅ አፉን ከፈተና ተወው። ዌስትክሊፍ ላይ ያ ሰው እግሩን ተሸክሞለታል።

«ለአንተስ ምን ልለምንልህ?» አሉ አንቲ ሳቪ።

ተማም መሰላሉ ላይ ሆኖ አሰበ። ገዢው ይጠብቃል፤ ራዚያም ምን ይል ይሆን ብላ ቀና ብላለች።

«የእኔን ጁምዓ ዕለት ራሴ እለምናለሁ፣ አንቲ። እርስዎ ለጉልበትዎ ይለምኑ፤ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ዳገት ትንፋሽ ነው የሚወስደው፤ ቁልቁለት ግን ጉልበት ይበላል። ቀስ ብለው፣ በትር ይዘው ይውረዱ።»

ስልኩ ሲዘጋ ራዚያ ከታች ታየው ነበር። «አሁን ገና እንደ አሰልጣኝ ተናገርክ» አለችው።

ብርድ ልብስ የምትጠብቀው ዙሉ ሴትዮ ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ባባ፣ ምነው? ማን ሞተብህ?»

ተማም ጉንጩን ሲነካው እርጥብ ነው። «ማንም አልሞተም፣ ማማ» አላት ከመሰላሉ እየወረደ። «አንዲት ሴትዮ ተራራ ወጡ።» ከዚያ ቀዩን ነው ቡናማውን የምትፈልገው ብሎ ጠየቃት።