ጨው፦ አሥራ አራት እርምጃ

ልብስ ሰፊዋ ጨው ብትፈልግ ብትፈልግ አጥታ፣ በመጨረሻ መኝታ ቤት መስኮት ላይ አገኘችው።

"ምን ነካህ፣ ረስተህ ነው?" አለችው ባሏን።

"ረስቼ ይሆናላ" አለ ባሏ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

በማግስቱ መነጽሯ መታጠቢያ ቤት ተገኘ። ቀጥሎ የስልኳ ቻርጀር ፎቅ ወጣ። ባሏ አርባ ዓመት ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነው፤ ችካል በስንዝር ስቶ አያውቅም። አሁን ግን ማድ ቤትን ከመኝታ ቤት የሚለይ አይመስልም። "እኔን እግሬ ከዳኝ፣ እሱን ደግሞ ጭንቅላቱ ሊከዳው ነው" አለች ለብቻዋ። "ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው ከወጣን እሰየው።"

የእሷስ የታወቀ ነው። ሐኪሞቹ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ ሕመም ከያዛት ሦስት ዓመት ሆኗታል። የክሊኒኩ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ "ይንቀሳቀሱ" ቢላት እሺ ብላ አንዴ ሞክራ ነበር። በቀትር ፀሐይ ግቢውን አራት ጊዜ ስትዞር እግሯ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ፣ ዓይኗም ብዥ አለ። ከዚያ ወዲህ "ያለችኝን ጉልበት ቆጥቤ ልያዛት" ብላ ሶፋው ላይ ተተከለች። ፎቅ ያለውን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋንም ለታናሽ እህቷ ሰጠች፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሊወስዱት ነው። ጠረጴዛው ከሄደ ሙያዋም አብሮ እንደሚሄድ ስለምታውቅ፣ ቅዳሜ የሚባል ቀን እንዲነሳባት አትፈልግም።

ባሏን ግን ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም። እሱ ያስቀምጣል፣ እሷ ከኋላው እየተከተለች ትመልሳለች። ጭራሽ ወንበሮቹንም በየኮሪደሩ ይበትናቸው ጀመር። "መርሳትም ለካ ጥቅም አለው" እያለች እየሄደች አረፍ ትልባቸዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት "ጎረቤት ደርሼ ልምጣ" ብላ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። የሄደችው ግን ክሊኒክ ነው። አንዴ መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ፣ አንዴ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አርፋ ደረሰች።

ፊዚዮቴራፒስቱ ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው።

"እትዬ፣ በሰላም ነው?"

"ለራሴ አይደለም የመጣሁት። ባለቤቴ ነገር ይረሳ ጀምሯል፣ ልጄ። ትናንት መቀሴን ከጫማ መደርደሪያ ውስጥ አወጣሁ።"

ወጣቱ ከንፈሩን ነከሰ። "ዘጠኝ እርምጃ" አለ።

"ምኑ?"

መሳቢያውን ሳበና የተጣጠፈ ወረቀት ዘረጋላት። የገዛ ቤቷ ፕላን ነው፣ በባሏ እጅ፣ በማስመሪያ የተሠራ። "ጨው፦ ከሶፋው አሥራ አራት እርምጃ። መነጽር፦ ሃያ ሁለት። መቀስ፦ ዘጠኝ። ቻርጀር፦ አሥራ አንድ ደረጃ፣ እላይ ሲደረስ ወንበር።" ወንበሮቹ አንድ በአንድ በቀይ ተከበዋል።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እና አልረሳም?"

"ባለቤትዎ ምክር ሊጠይቁኝ ቢመጡ፣ ዕቃ ትንሽ ራቅ ያድርጉባቸው ብያቸው ነበር። ቅየሳ ያካሂዳሉ ብዬ መቼ አሰብኩ?" አለ ወጣቱ ሳቁን እየዋጠ። "ለመሆኑ በምን መጡ?"

"በእግሬ" አለች። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችና እግሯን ቁልቁል አየችው። ቀጥላ "ያኔስ ግቢውን ስዞር እግሬ ለምን ከዳኝ?" አለችው።

"ቀትር ላይ ነበር የዞሩት፣ አይደል? ሰውነት ሲሞቅ ሕመሙ ይብሳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። በጠዋት፣ በትንሽ በትንሹ፣ እያረፉ ነው። ጉልበት ተቀምጠው የሚያጠራቅሙት ነገር አይደለም፣ እትዬ።"

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች። "ማወቄን እንዳትነግረው።"

"ለምን?"

"ሁለት ሳምንት አስጨንቆኛል። እስቲ እሱም ነገ ደግሞ ምን የት ልደብቅ እያለ ትንሽ ይጨነቅ።"

ቅዳሜ ጠዋት እህቷ ሁለት ሸካሚዎች ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ ቀሚስ ትቆርጥ ነበር። ስምንት ደቂቃ ቆረጠች፣ ደከማትና ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ ደግሞ ተነሣች።

"ጠረጴዛው አይሄድም፣ እህቴ" አለቻት።

እህቷ ሸካሚዎቹን አሰናብታ የቀሚሱን ጫፍ ያዘችላት።